የእትዬ ሳበው ተራ ፍላጎት

የባሌን ታላቅ እህት በመዝገብ ስሟ የሚጠራት ሰው ካለ መታወቂያ የሚያድሰው ሰውዬ ብቻ ነው። እኔ እታለም እላታለሁ። ባሌ እቴ ይላታል። የቀረው የሰፈር ሰው፣ ጥርስ ካላበቀለው ጀምሮ ጥርሱ እስከረገፈው ድረስ፣ እትዬ ሳበው ነው የሚላት።

ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። ታክሲ ተራው ላይ ተራ አስከባሪ ናት። ሰዉን ታሰልፋለች፣ ሚኒባሶቹን በመጡበት ቅደም ተከተል ታስጠጋለች፣ አንዱ ሲሞላ ጎኑን በመዳፏ ደብ ታደርግና "ሞልቷል! ሳበው!" ትላለች። ያኔ ሹፌሩ ተኝቶ ከሆነ ይነቃል፣ እያዛጋ ከሆነ አፉን ይገጥማል። የሹፌሮቹ ማኅበር ሲቀጥራት ፊሽካ ሰጥቷት ነበር። በማግስቱ መለሰችው። "ይኼን ድምፅ ለሌለው ስጡት፤ እኔ ስነፋው ድምፄ እየቀነሰ ነው" አለቻቸው።

ይህን ሁሉ የምትሠራው ዊልቸር ላይ ሆና ነው። ገና ዳዴ እያለች ትኩሳት ያዛት፤ ትኩሳቱ ሲለቃት እግሮቿም አብረው ለቀቋት። "እግሮቼ ሥራ ሳይጀምሩ ጡረታ ወጡ፤ እንደነሱ ዕድለኛ የለም" ትላለች። ትምህርት ቤት አዝሎ ያመላለሳት ባሌ ነው። ታናሿ ስለሆነ፣ እሱ ትከሻ እስኪያወጣ ጠብቃ አንድ ክፍል ገቡ። ሲጣሉ እንኳ ተዛዝለው ነበር ወደ ቤት የሚመለሱት። "ሰው ሲኳረፍ ጀርባ ይሰጣጣል፤ እኛ ስንኳረፍ እኔ እዚያው ጀርባው ላይ ነኝ" ትላለች። ባሌ ደግሞ ጆሮዎቹ እንዲህ የሰፉት ያኔ እሷ እንደ መኪና መሪ ይዛ ትጠመዝዛቸው ስለነበር ነው ብሎ ከልቡ ያምናል።

ሥራውን በማመልከቻ አላገኘችውም። ታክሲ ተራው ጥግ ላይ ማስቲካና ሶፍት ትሸጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት "እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት"፣ "የለም እኔ ነኝ" የሚል ግብግብ ሲነሳ፣ ከተቀመጠችበት ሆና ትፈርዳለች።

"ባለ ዣንጥላዋ ትቅደም! አንተ ወፍራሙ፣ ከዳቦ ቤት ስትወጣ አይቼሃለሁ፤ ወደ ኋላ!"

ሰዉ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በመጨረሻ ሲጣላ እሷው ጋ እየመጣ ይጠይቃት ጀመር። ማኅበሩ የቀጠራት ከዚያ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ ባሌም የሚኒባስ ሹፌር ነው። ዘመድ አለኝ ብሎ አንድ ቀን ተራ ዘለለ።

"እቴ፣ እኔ ነኝ እኮ" አላት በመስኮት።

"አየሁህ። ወንድሜ ያለው ቤት ነው። እዚህ ያለኸው ሹፌር ነህ፤ ወደ ኋላ!"

የዚያን ዕለት ራቱን አቀረበችለትና "ዛሬ አንድ ቀበጥ ሹፌር አናዶኝ ዋለ" ብላ ሲበላ ስታማው አመሸች። ራሱን ለራሱ ማለት ነው።

እንግዲህ ጎርፉ የመጣው ታክሲ ተራው ጢም ባለበት ሰዓት ነው። እኛ ጋ ዝናብ ጠብ አላለም ነበር፤ የዘነበው ላይኛው አገር ነው። እታለም የተቀመጠችው ለወንዙ ድልድይ ቅርብ ስለሆነ ቡናማውን ውኃ በድልድዩ መከለያ ላይ ሲያልፍ ቀድማ ያየችው እሷ ናት። ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

"ሞልቷል! ሞልቷል!"

ማንም ንቅንቅ አላለም። ሰልፉ መሐል ያለ አንድ ሰውዬ ጋዜጣውን ገልጦ "ምን ቸገረን፣ ሌላ ይመጣል" አለ።

"ወንዙ ነው የሞላው፣ አንተ ጅል! ወንዙ! ሳበው! ሁላችሁም ሳቡት!"

ከዚያ ወዲያ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ሚኒባሶቹ የቻሉትን ያህል ሰው እየጫኑ ወደ ኮረብታው ወጡ። ባሌ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ቤት መጥቶ እኔንና ልጃችንን ጫነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ከልክ በላይ ሲጭን አየችውና ምንም አላለችውም። ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ያረፍነው ኮረብታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ክፍሎቹ ጠመኔ ጠመኔ ይሸታሉ። ዴስኮቹን ግድግዳ ዳር ደርድረን፣ መሐል ላይ ፍራሽ ዘርግተን፣ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር አንድ ክፍል ያዝን። ልጄ ጥቁር ሰሌዳ ያለው መኝታ ቤት በማግኘቷ ጎርፉን ወደደችው። ጠመኔ አንሥታ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ዓሣ ሣለችና ሥሩ "ቤታችን" ብላ ጻፈች። ሳቅ ቢመጣብኝም ቤታችን በዚያ ሰዓት ምን እንደሚመስል ሳስበው መሳቁን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት።

መጠለያውን የሚያስተባብረው ከእርዳታ ድርጅት የመጣ ወጣት ነበር። ሜጋፎን ከእጁ ስለማይለይ ባለ ሜጋፎኑ አልነው። እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቲማቲም መስሏል። ሴቱን ሁሉ "እናቴ"፣ ወንዱን ሁሉ "አባቴ" ነው የሚለው። ደግ ልጅ ነው፤ ሻይ እንኳ ራሱ ነው እየዞረ የሚያድለው። እንደገባን ሰሞን ግቢው መሐል ቆሞ ሜጋፎኑን አነሣ።

"ልዩ ፍላጎት ያላችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ! ልዩ ፍላጎት ያላችሁ ብቻ!"

ሰዉ ተያየ። አጠገቤ ልብስ የምታጥብ ሴትዮ "ልዩ ፍላጎት ደግሞ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ቃሉን ተማሪ ሳለሁ አንድ ክፍል በር ላይ ተጽፎ አውቀዋለሁ፤ አካል ጉዳት ላለባቸው ማለታቸው ነው ልላት አፌን ስከፍት ፀጉር አስተካካዩ ቀደመኝ።

"ያማረሽን ትጠይቂያለሽ ማለት ነው" አላት።

አለቀ። ግቢው እንዳለ ተነሥቶ ተሰለፈ። ፀጉር አስተካካዩ ፊት ላይ ቆሞ "ለእኔ ለስላሳ ትራስ፤ አንገቴ ስስ ነው" አለ። አንዷ "ከአማቴ ራቅ ያለ ቦታ" አለች። ከኋላዋ የቆመችው አማቷ ነበረች፤ እሷም "የእኔም ያው ነው" አለች። ባለ ሜጋፎኑ ልዩ ፍላጎት ላለው ሁሉ እጁ ላይ ቢጫ ሪባን እንዲያስር ነበር የታዘዘው። ሰዉን መመለስ አቅቶት ፀጉር አስተካካዩን ጨምሮ ለጥቂቶቹ አሠረላቸው፤ የቀሩትን በስንት ልመና በተነ።

የሚፈልጋቸው ሰዎች ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። ጋሽ ራዲዮ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ከጆሯቸው የማይለዩትን ራዲዮ ያዳምጣሉ። እታለም ዛፍ ጥላ ሥር የልጄን ፀጉር ትሠራለች። ባለ ሜጋፎኑ ሲያያት ፊቱ ፈካ፤ በስንት ጊዜው እውነተኛ ባለ ልዩ ፍላጎት አገኘ!

"እናቴ፣ ልዩ ፍላጎት አለዎት?"

"ማን ነው እናትህ? ሳላገባ ይህን የሚያህል ጎረምሳ ከየት አመጣሁ?"

"ይቅርታ፣ እህቴ። ልዩ ፍላጎት አለዎት ወይ?"

"የለኝም።"

ዊልቸሩን አየ። እሷን አየ። እንደገና ዊልቸሩን አየ። "ምንም?"

"የእኔ ፍላጎት ተራ ነው።"

"ተራ ሲሉ?"

"መብላት፣ መተኛት፣ ልብስ መቀየር፣ ሽንት ቤት መሄድ። ከነዚህ ውስጥ ልዩ የምትለው የቱን ነው?"

አንገቱን አከከ። ከዚያ ሊክሳት ፈልጎ፣ ከዓለም ቃላት ሁሉ መርጦ የማይባለውን አላት። "ማለቴ፣ እርስዎን የመሰሉ ሰዎች ምግብም ሻይም ያለ ተራ ነው የሚስተናገዱት።"

ባሌ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ልጄን ሳብ አደረግኳት።

"ያለ ተራ?" አለች እታለም፣ ቀስ ብላ። "እኔ? ያለ ተራ?" ልጁ ሌባ ያላት ነበር የሚመስለው። "ስማ፣ እኔ የገዛ ወንድሜን ወደ ኋላ የመለስኩ ሰው ነኝ! ሰልፉ የት ነው? መጨረሻው የት ነው?"

እያሽከረከረች ሄዳ የሻዩ ሰልፍ ጅራት ላይ ቆመች። ደግሞ ዝም ብላ አልቆመችም፤ ሰልፉን አስተካከለችው።

ባሌ ግን ነገሩ አልወጣለትም። ለእህቱ ሊሰጥ የሚችል ነገር ካለ ሊቀርባት አይገባም ብሎ ባለ ሜጋፎኑን ጥግ ጠራው። "አላት፣ ወንድሜ። ኩራቷ ነው እንጂ አላት" አለው። ሪባኑን ተቀበለና እሷ በማታይበት፣ ከዊልቸሩ ኋላ መግፊያው ላይ አሠረው።

አሁን የሚያስቀውን ትቼ የማያስቀውን ልንገራችሁ። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ከግቢው ጀርባ፣ በሲሚንቶ ደረጃ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። በሩም ጠባብ ነው። እታለም ሥራ ቦታ የምትጠቀመው የዳቦ ቤቱን ነበር፤ እሱ ደፍ እንኳ የለውም፣ ማንንም ሳትጠራ ገብታ ትወጣለች። እዚህ ግን ባሌ ይሸከማታል፣ እኔ በሩን እይዛለሁ፣ ከኋላችን ሰው ይጠብቃል። አንዴ ሆነ፣ ደገመ። ከዚያ ሻይ ሳቀርብላት "ሆዴን ነፍቶኛል" ማለት ጀመረች። ውኃም አስጠላኝ አለች። ከንፈሯ ሲሰነጣጠቅ አየሁና ለብቻዋ አገኘኋት።

"እታለም፣ የምትጠጪውን የተውሽው እንዳትሄጂ ነው አይደል?"

"ልጅ እያለሁ ቢያዝለኝ ልጅ ነን" አለች። "አሁን እኔም ሸብቻለሁ፣ እሱም ወገቡን ያመዋል። ሰው እያየኝ ደግሞ…" ጨርሳ አታውቅም እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር። "ተይኝ ባክሽ። ጎርፉ ይጎድላል።"

ጎርፉ ግን የሚጎድል አልመሰለም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሜጋፎኑ ጮኸ። ቢጫ ሪባን ያላቸው ሰዎች ነገ ጠዋት መኪና ይመጣላቸዋል፤ ማዶ ከተማ ወደተዘጋጀ ልዩ ማዕከል ይዛወራሉ፤ አልጋ አለ፣ ምቹ ሽንት ቤት አለ።

"ቤተሰባቸውስ?" አለ አንድ ሰው።

"ለጊዜው ቦታው ለባለ ሪባኖቹ ብቻ ነው።"

እታለም አጨበጨበች። "እሰይ! ለነሱስ ደግ ሆነ። ምስኪኖች!"

ልጄ ከኋላዋ ሆና "አክስቴ፣ አንቺም እኮ አለሽ። እዚህ ጋ፣ እንደ ስጦታ ታሥሮልሻል" አለቻት።

እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ዳበሰች። ሪባኑን አገኘችው። ባሌ ጣራው ላይ በጣም የሚያስደንቅ ነገር እንዳየ ሰው ቀና ብሎ ቀረ።

"ማን ነው ያሠረው?"

"እቴ፣ ለአንቺ ብዬ…"

"ጠይቀኸኛል?"

"ብጠይቅሽ እምቢ ትዪኝ ነበራ!"

"ለዚህ እኮ ነው ሰው የሚጠየቀው!"

ሪባኑን በጥርሷ በጥሳ ባለ ሜጋፎኑ ጋ ሄደች፤ እኛም ተከተልናት። ሪባኑን መዳፉ ላይ አስቀመጠችና "አልሄድም" አለች። ድልድዩ ተሰብሯል፤ መኪናው ራሱ የሚሄደው በሩቅ መንገድ ዞሮ ነው፤ ማዶ የሄደ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ታክሲ ተራው ሲከፈት እሷ ከሌለች ሌላ ሰው ቦታዋ ላይ ይቆማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዕድሜዋ ከወንድሟ ተለይታ ሌላ ቤት አድራ አታውቅም። ይህን የመጨረሻውን አልነገረችውም፤ እኔ ነኝ የምነግራችሁ።

ልጁ አልተቆጣም። ሜጋፎኑን መሬት አስቀመጠ።

"እህቴ፣ ሪባኑ አይደለም ችግሩ። ሻዩን የማድለው እኔ ነኝ። የእርስዎ ኩባያ ሁልጊዜ ሙሉውን ነው የሚመለሰው። እዚህ የሚገቡበት ሽንት ቤት የለም፤ እርስዎም መጠጣት አቁመዋል። ኩላሊትዎ ቢታመም እኔ ምን እላለሁ? ቤተሰብዎን ቢናፍቁ ይሻላል።"

እትዬ ሳበው ዝም አለች። ሰፈሩ በሙሉ ቢሰማ የማያምነው ነገር ነው፤ ዝም አለች። ልጁ እውነቱን ነበር።

"የምገባበት ቢኖርስ?" አለች በመጨረሻ።

"ካለማ ለምን ይሄዳሉ? ግን መኪናው ጠዋት ነው።"

እኔ ከዚህ በላይ አልጠበቅኩም። ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ወደ ሹፌሮቹ ሮጥኩ። ሚኒባሶቻቸውን ግቢው ውስጥ ደርድረው ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ሹፌር ሥራ ሲፈታ ሁሉም መሐንዲስ ነው፤ ገና ነግሬያቸው ሳልጨርስ ተነሡ። ተነቅሎ የተጣለ አሮጌ በር አመጡና ደረጃው ላይ አጋደሙት። አጨበጨቡ። "ጨርሰናል! እትዬ ሳበው ትምጣ!"

መጣች። ከታች እስከ ላይ አየችው።

"ይኼ መወጣጫ ነው ወይስ ወንጭፍ?"

"ኧረ ምንም አይል!" አለ ባሌ። ባለ ሜጋፎኑ ደግሞ ኃላፊነት ተሰማውና "እኔ ልሞክረው" አለ።

"ፍሬን የለውም" አለችው። እውነቷን ነው፤ ዊልቸሩ ስትቆም ጎማው ሥር በምታደርጋት ድንጋይ ነው የሚያዘው።

"ቀስ እላለሁ" ብሎ ተቀመጠ። ሹፌሮቹ "ሆ!" ብለው ገፉት። አናቱ ላይ ሲደርስ የተጋደመው በር ሸርተት አለ፤ ሁሉም በሩን ሊይዙ ሲሉ እሱን ለቀቁት። ወደ ኋላው ወረደ። መወጣጫውን ጨረሰ፣ ግቢውን ያዘው፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንሶላ ለበሰ፣ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሳፋ ውስጥ ከነ ጫማው ተዘፈዘፈ።

"እኛ አውልቀህ አምጣ ነው የምንለው" አለች አንዷ፣ "ልብስ ለብሶ የሚታጠብ ዛሬ አየን።"

አንሶላውን ከራሱ ላይ ገፈፈ። አረፋው ከቅንድቡ ይንጠባጠባል። ግቢው በሳቅ ሲፈርስ እሱ ረጋ ብሎ "ቁልቁለቱ ትንሽ በዝቷል" አለ። ከዚያ ወደ እታለም ዞረና ከጅምሩ ማንኛችንም ያላልነውን አላት። "እሺ እህቴ፣ እንዴት ይሁንልዎት?"

"ይርዘም" አለች። "በደረጃው ሽቅብ አይደለም፤ በግድግዳው ጎን ዞሮ፣ ተኝቶ ይውጣ። ሥሩ በአፈር ይሞላ። ላዩ ደግሞ ጎማ የሚይዝ ይሁን።"

አፈርና የፈረሰ ጡብ ሞልቶ ነበር። የጠፋው ላዩን የሚሸፍን ጠፍጣፋ ነገር ነው። ሹፌሮቹ ግቢው ውስጥ ባለው መጋዘን የተደረደሩትን አሮጌ ጥቁር ሰሌዳዎች አዩ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

"ንብረት ነው! ፈርሜ የተረከብኩት ንብረት ነው!"

"ጋሼ፣ እባክህ" አለችው እታለም፣ "እኔንም ፈርመህ ተረከበኝ፤ ያው እንደነሱ ስቀመጥ ነው የምውለው።"

ከንፈሩን ነከሰ። ሳቁን ሊይዝ ነበር፣ አመለጠው። ሰሌዳዎቹን ራሱ እየመረጠ፣ "ይቺን አይደለም፣ ይቺ ደህና ናት፤ ይኼን የተሰነጠቀውን" እያለ አወጣ። ሹፌሮቹ ያረጀ ጎማ ቆርጠው ቁራጩን ሰሌዳው ላይ በምስማር መቱ። እኔና ሴቶቹ አፈሩን በሳፋ እያመላለስን ረገጥነው። አንዱ ሰሌዳ ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ተጽፎ ቀርቶ ነበር፤ ልጄ እላዩ ላይ ቆማ እየዘለለች አነበበችው።

እታለም የበሩን ስፋት በሻሿ ለካች፣ ዊልቸሩንም ለካች። "ይገባል!" አለች፣ እንደ ዳኛ። ድንጋይዋን ለእኔ ሰጥታ በመወጣጫው ወጣች። ማንም አልገፋትም። ጎማው አልተንሸራተተም። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ሳለ በሩ ላይ ደርሳ "ወይኔ!" ብላ ጮኸች።

"ምን ሆንሽ?"

"ወንበሩን ለክቼ እጄን ረሳሁት!" ጎማውን የያዙት ጣቶቿ መቃኑ ላይ ተልጠዋል። ጣቶቿን እየመጠጠች ሳቀች። "ዕድሜ ልኬን ይዤው የምዞረውን እጅ!"

ብትገባም ሌላ ችግር ነበር። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ስለሆነ ዊልቸሩ ውስጥ እያለ አይዘጋም። ባለ ሜጋፎኑ "በሩን ነቅለን መጋረጃ ብናደርግስ?" አለ።

"መጋረጃ? እኔ ቲያትር ነኝ? ከውስጥ የምቀረቅረው ካልሆነ መኪናው ይውሰደኝ!"

ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ዘበኛው ከኋላ ሳል አለ። "በሩን ወደ ውጭ ብናዞረውስ? ይኼ መቃኑ ላይ የተመታው ጣውላ የሚያቆመው በሩን ነው፤ በሩ ከዞረ አያስፈልግም። እሱ ሲነሣ ለጣት የሚሆን ቦታ ይወጣል።" ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ።

"ንብረት ነው አላልክም?" አለው ባሌ።

"ንብረት ነው። በየት በኩል ይከፈት የሚል ነገር ግን አልፈረምኩም።"

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አለቀ። እታለም ወጣች፣ ገባች፣ በሩን ሳበች። መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል ሰማን። ሹፌሮቹ፣ ሴቶቹ፣ ዘበኛው፣ ባለ ሜጋፎኑ፣ ሁላችን የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው በሩ ላይ አፍጥጠን ቆምን። ከውስጥ ድምጿ መጣ።

"ሂዱ እንጂ! ተሰልፋችሁ ልታዳምጡኝ ነው?"

ተበታተንን። እያነባ የተበታተነም ነበር፤ ባሌ ነው፣ ግን አፈር ገብቶብኝ ነው ብሏል። ከዚያ ሻይ ጠጣች፣ ደገመች፣ ቀጥሎ የእኔን ወሰደችብኝ። ሲመሽ ሳይ መወጣጫው ላይ ሰልፍ አለ፤ ነፍሰ ጡሯ፣ ጉልበቷን የሚያማት አማት፣ ባልዲ የያዙት ሁሉ በዚያው ነው የሚሄዱት። በደረጃው የሚወጣ ሰው ጠፋ።

ጠዋት መኪናው መጣ። ባለ ሜጋፎኑ ገና ያልደረቀ ጫማውን እየጎተተ እታለም ፊት ቆመ።

"ይሄዳሉ ወይስ ይቆያሉ?"

"እቆያለሁ።"

"እሺ" አለ፤ በቃ። እንዲህ ቀላል ነበር።

ባሌ ግን ድሉ ራሱ ላይ ወጣበት። መኪናው ፊት ሄዶ እጁን ዘረጋና "ማንም አይሄድም! ሽንት ቤቱ ተሠርቷል፣ ማንም ከወገኑ አይለይም!" አለ። ሹፌሮቹም ከኋላው ተደርድረው "አይሄድም!" አሉ። ሰዉን እየገፋ አንድ ዘንግ መሐላቸው ገባ። ጋሽ ራዲዮ ናቸው፤ ቦርሳቸውን አንግተዋል፣ ቢጫው ሪባን እጃቸው ላይ፣ ራዲዮው ብብታቸው ሥር ነው።

"መንገዱን የዘጋው ማን ነው?"

"እኛ ነን፣ ጋሼ! አይዞዎት፣ አንሰጥዎትም!"

"ማን ጠየቃችሁ?" አሉ ጋሽ ራዲዮ። "ልጄ የተዳረችው እዚያ ከተማ ነው! ከትናንት ጀምሮ ቦርሳዬን ታቅፌ ነው ያለሁት። ዞር በል ከፊቴ!"

ባሌ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። እታለም በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። "የወንድሜ በሽታ ነው፣ ጋሼ፤ ሳይጠይቅ ያሥራል፣ ሳይጠይቅ ይፈታል። የት መቀመጥ ይፈልጋሉ?"

"መስኮት ጋ።"

"ምን ሊያዩ?"

"ነፋሱን ነዋ! አንቺ ደግሞ እግር ሳይኖርሽ ጫማ ታደርጊ የለ?"

"ለቄንጥ ነው!"

መስኮቱ ጋ ያለውን ወንበር ቀድሞ የያዘው ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ ሪባኑን አጥብቆ አሥሮ ተደላድሏል። ባለ ሜጋፎኑ "ያንተ ፍላጎት ምን ነበር?" ሲለው "ትራስ" አለ። ዘበኛው በክንዱ ይዞ አወረደውና ጋሽ ራዲዮ ተቀመጡ። መኪናው ሲሄድ ራዲዮው ዜና እያነበበ ነበር።

እታለም ወደ ክፍላችን ተመለሰች፤ ቤቷ እንደገባች ሴት ዓይኗን አዞረች። እዚህ ከቆየች በሥርዓት ነው የምትቆየው። ዊልቸሯ ከፍራሿ እስከ በሩ የሚያልፍበት መንገድ የለም፤ ዴስኮቹ ይነሡ አለች። ባሌ አነሣቸው። አይ፣ እዚያ ብርሃን ይከልላሉ፤ ወደዚያኛው ግድግዳ ይሂዱ። ወሰዳቸው። አሁን ደግሞ የልጅቷን ሰሌዳ ሸፈኑ። እሱ ዴስክ ሲጎትት፣ እሷ በጣቷ ስትመራው፣ ልጄ በጠመኔ መሬቱ ላይ የመንገዱን መስመር ስታሠምርለት ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ባለ ሜጋፎኑ ሻይ ይዞ በበሩ ብቅ ሲል ባሌ ላቡን ጠርጎ በሹክሹክታ ጠየቀው።

"ወንድሜ፣ ሌላ መኪና አይመጣም?"

"ለማን?" አለ ልጁ ደንግጦ።

"ለእኔ።"

"ያቺን ዴስክ" አለች እታለም ከማዶ፣ "ትንሽ ወደ ግራ።"